የእንግሊዝኛ ቃልና የእኛ አማርኛ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ ከራቤል የመጣ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ ታላላቅ የዓለም ጉዳዮች ለመናገር አይደለም። የምናገረው ስለ ቃል ነው። ይኸውም በየቀኑ በክፍል የምንሰማው፥ በመጽሐፍ የምናነበው፥ በፈተና ወረቀት ላይ ቆሞ የሚጠብቀን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ አሳባችን ሲገባ በምን በምን እንደሚሰናከል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን መልሱን እያወቀ ጥያቄውን ባለመረዳቱ ብቻ የሚወድቅ ተማሪ በመካከላችን እስካለ ድረስ፥ ትንሽ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፥ ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ የራቤልን ልጅ አስቡት። በቤቱ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ በገበያው አማርኛ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግዕዝና አማርኛ ነው። እንግሊዝኛን የሚያገኘው በክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ እርሱም ደወሉ ሲደወል አብሮ ይዘጋል። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተናው የሚመጣው በዚያው ቋንቋ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በወጣ ጊዜ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ ልጭን አልፈልግም። ነገር ግን ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን በክፍል የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

«እንዲያውም ሁሉን ነገር በአማርኛ፥ ወይም እያንዳንዱ በአፍ መፍቻው ቋንቋ ለምን አንማርም?» የሚል ጓደኛ ይኖራል። ይህ ትልቅ ክርክር ነው፤ ራሱን የቻለ ምሽት ይገባዋል። እኔ የምናገረው ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ነገ ጧት ፈተና ላለበት ተማሪ ነው።

ሌላም አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከባላገር የመጣ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲናገር በአነጋገር ድምፁ የሚሥቁበት አሉ። ይህ ሣቅ ከንቱ ነው፤ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው፤ የተሣቀበት ልጅ ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም፤ አፉን ያልከፈተ ደግሞ አይታረምም። እኔ ዛሬ ስለ ድምፅ አልናገርም። ቃሉን አሳምሮ የሚጠራ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል ማለት አይደለም።

፩. ከሌላው ሕዝብ መሰናክል የእኛ እንዴት ይለያል?

በዓለም ላይ እንግሊዝኛን የሚማር ሕዝብ ሁሉ ይሰናከላል፤ ግን እያንዳንዱ በራሱ ድንጋይ ነው። የሩማንያን ሰው እንውሰድ። ቋንቋው ከላቲን የተወለደ ስለ ሆነ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃል ከእርሱ ቃል ጋራ በመልክ ይመሳሰላል። መመሳሰሉም ያሳስተዋል። በሩማንያ ቋንቋ «ሊብረሪዬ» የሚባለው መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ላይብረሪ» ግን ቤተ መጻሕፍት ነው። «ሴንሲቢል» በእነርሱ ዘንድ ቶሎ ስሜቱ የሚነካ ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሴንሲብል» አስተዋይ ሰው ነው። የሩማንያው ተማሪ እንግዲህ ወዳጅ መስሎ የቀረበው ቃል ይከዳዋል።

የእኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጋራ እንዲህ ያለ የሥጋ ዝምድና የለውም። የእኛ ስሕተት የሚመጣው ከመልክ ሳይሆን ከአንድ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ አማርኛ ፈልጎ በደብተር ላይ እኩል ይሆናል ምልክት አድርጎ ማለፍ ነው። አሁን በምሳሌ እንየው።

፪. የፈተና ጥያቄ ቃላት

ከሁሉ አስቀድሞ ማርክ በሚያሳጡን ቃላት እጀምራለሁ።

«ዲስከስ» የሚለውን ሁላችንም «ተወያይ» ብለን ተምረነዋል። መወያየት ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የፈተና ወረቀት ላይ ተፈታኙ ብቻውን ነው። እንግዲያው ከማን ጋራ ይወያይ? በፈተና ላይ «ዲስከስ» ማለት ነገሩን ከየአቅጣጫው እያገላበጥህ፥ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም አቅርበህ ጻፍ ማለት ነው። አንድ ወገን ብቻ ጽፎ የወጣ ተማሪ የጥያቄውን ግማሽ ትቶ ወጥቷል። ደግሞ በአማርኛ «ስለ» ጉዳዩ ስለምንወያይ በእንግሊዝኛም «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ እንግሊዞች ግን ከ«ዲስከስ» በኋላ «አባውት» አይጨምሩም።

«አካውንት ፎር» የሚለውን ስናይ ባንክና ሒሳብ ትዝ ይለናል። በፈተና ላይ ግን ምክንያቱን አስረዳ ማለት ነው። «የኢትዮጵያን ደጋ ቅዝቃዜ አካውንት ፎር አድርግ» ቢባል፥ የራቤል ልጅ ስለ ብርዱ አንድ ገጽ ሙሉ መጻፍ ይችላል፤ ብርዱን ከአጥንቱ ያውቀዋልና። ጥያቄው ግን ብርዱ ምን ይመስላል አይደለም፤ ስለ ምን በረደ ነው። መልሱም ከፍታው 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ የሚል ነው። ሁለት መሥመር የሚበቃው መልስ በአንድ ገጽ ትረካ ይጠፋል።

«ኮምፔር» የሚለውን «አወዳድር» ብሎ የያዘ ተማሪ አሸናፊ ይፈልጋል፤ ገብስና ስንዴን ኮምፔር አድርግ ቢሉት ገብስ ይበልጣል ብሎ ይፈርዳል። የተጠየቀው ግን በምን እንደሚመሳሰሉና በምን እንደሚለያዩ ጎን ለጎን እንዲያሳይ ነው፤ «አነጻጽር» ይሻለዋል። «ክሪቲሳይዝ» በዕለት ንግግር መንቀፍ ነው፤ በትምህርት ቤት ግን መመዘን ነው፤ መልካሙንም ጉድለቱንም መናገር ያስፈልጋል። «ኢለስትሬት» ሁልጊዜ ሥዕል ሣል ማለት አይደለም፤ በምሳሌ አስረዳ ማለትም ነው። «ስቴት» አንዳንዴ መንግሥት ወይም ክልል ነው፤ በፊዚክስ መጽሐፍ የነገር ሁኔታ፥ ይኸውም ጠጣርነት፥ ፈሳሽነት፥ ጋዝነት ነው፤ በጥያቄ መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ደግሞ ባጭሩ ግለጽ ማለት ነው። አንዱ ቃል ሦስት ቤት አለው፤ በየትኛው ቤት እንዳለ የሚነግረን ጎረቤቱ ነው።

ጥቃቅኖቹም ቃላት ይጎዳሉ። «ፊው» ሲል ከሞላ ጎደል የለም ማለቱ ነው፤ «ኤ ፊው» ሲል ግን ጥቂት አለ ማለቱ ነው። አንዲት ፊደል ያህል ነገር አለን ወደ የለም ትለውጠዋለች። «ሃርድ» በርትቶ ማለት ሲሆን «ሃርድሊ» ደግሞ እምብዛም፥ ከቁጥር በማይገባ መጠን ማለት ነው። ሥራ ለመቀጠር ሲያመለክት «ሃርድሊ እሠራለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው፥ በርትቼ እሠራለሁ ያለ መስሎት እምብዛም አልሠራም ብሎ ፈርሟል።

በአንጻሩ አማርኛችን የተዘጋጀ መልስ ያለውም አለ። «አት ሊስት» ቢያንስ ነው፤ «አት ሞስት» ቢበዛ ነው፤ «ሪስፔክቲቭሊ» እንደ ቅደም ተከተላቸው ነው። እነዚህን የመሰሉትን አንድ ለአንድ መያዝ አይጎዳም።

፫. አንድ አማርኛ፥ ብዙ እንግሊዝኛ

በአገራችን በራቤል ገበሬ የሚፈራቸው ሁለት ጠላቶች ውርጭና በረዶ ናቸው። ውርጩን እንግሊዝኛ «ፍሮስት» ይለዋል፤ ይህ ቀላል ነው። በረዶ ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ ይለያያል። ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ እሸቱን የሚያረግፈው «ሄይል» ነው። በአውሮፓ ክረምት እንደ ብዝት ጥጥ እየረበበ የሚወርደው «ስኖው» ነው። በማቀዝቀዣ ውስጥ ውኃ ሲረጋ የሚገኘው «አይስ» ነው። ለእኛ ሦስቱም በረዶ ናቸው። እንግዲህ «ስኖው ገብሱን መታው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያነበበውን የውጭ ሰው ያስደንቀዋል፤ ጉዳቱን ያደረሰው «ሄይል» ነበረና።

መንዝ በበጉና በባናው የታወቀ አገር ነው። እኛ የበግ ጠጉር እንላለን፤ የሰውም ጠጉር እንላለን። እንግሊዝኛ ግን የሰውን «ሄር»፥ ተፈትሎ ባና የሚሆነውን የበጉን «ዉል» ይለዋል። (ይህ «ዉል» ከምንፈራረምበት ውል ጋራ ዝምድና የለውም።) በጉ በሕይወት ሳለ «ሺፕ» ነው፤ ታርዶ ድስት ሲገባ «መተን» ይባላል። ስም የሚለውጠው እ.ኤ.አ. በ1066 ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ኖርማኖች እንግሊዝን ይዘው ስለ ነበር ነው። ከዚያ በኋላ የከብቶቹ ስም የእንግሊዞቹ ሆኖ ሲቀር፥ የሥጋው ስም ከፈረንሳይኛ ተወሰደ። ከቃል በስተኋላ እንዲህ ያለ ታሪክ መኖሩን ያወቀ ሰው ቃሉን አይረሳውም።

«ጠበቀ» የሚለውንም እንመልከት። እረኛው በግ ይጠብቃል፤ መንገደኛው አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ገበሬው የበልግ ዝናብ ይጠብቃል። የመጀመሪያው «ሉክ አፍተር»፥ ሁለተኛው «ዌይት ፎር»፥ ሦስተኛው «ኤክስፔክት» ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ለመምህሩ ማመልከቻ የሚጽፍ ተማሪ «መልስዎን እጠብቃለሁ» የሚለውን በ«ኤክስፔክት» ቢያስገባው፥ ትሕትናው ጠፍቶ ትእዛዝ ይመስላል፤ መልስ መስጠት ግዴታዎ ነው ያለው ያህል ይሰማልና። «ሆፕ» ቢል ግን ተስፋ አደርጋለሁ ማለት ይሆናል፤ ነገሩም በሰላም ያልፋል።

እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ!» እንለዋለን። ይህንን «ፕሌይ!» ብለን ብናዞረው እንግሊዛዊው ኳሱ የት አለ ብሎ ዙሪያውን ይመለከታል። «ተማረ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ሁለት ነው። በዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ትምህርቱን መከታተል «ስተዲ» ነው፤ ዕውቀቱ በእርግጥ ሲገባን «ለርን» ነው። ስለዚህ አራት ዓመት «ስተዲ» አድርጎ አንዳች «ለርን» ያላደረገ ሰው ሊኖር ይችላል። በመካከላችን እንደዚህ ያለ እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ልብ በሉ፥ «ሆፕ» አልኩ እንጂ «ኤክስፔክት» አላልኩም።

፬. አንድ እንግሊዝኛ፥ ብዙ አማርኛ

እስካሁን የተናገርኩት እንግሊዝኛ ባለጸጋ፥ አማርኛ ድሃ ነው የሚያሰኝ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ቋንቋ የሚለየውን እንግሊዝኛ የማይለይበት ብዙ ነው።

ሰው ቤት ገብታችሁ «ሻይ ወይስ ቡና?» ብትባሉ አንዱን መምረጥ አለባችሁ። «ሻይ ወይም ቡና አለ?» ብትሉ ግን ከሁለቱ አንዱ መኖሩን መጠየቃችሁ ነው። ወይስና ወይም የተለያዩ ናቸው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያለው «ኦር» ብቻ ነው፤ ልዩነቱን የሚያወጣው በድምፅ አወጣጥ ነው። በጽሑፍ ላይ ድምፅ ስለሌለ አንባቢው ራሱ መመርመር አለበት።

ገበሬ ዘር ሲያልቅበት ከጎረቤቱ ገብስ ይበደራል፤ የሚመልሰው ሌላ ገብስ ነውና። ምሳር ሲያስፈልገው ግን ይዋሳል፤ የሚመልሰው ያንኑ ምሳር ነውና። ይህንን ልዩነት የራቤል ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም «ቦሮው» ይላቸዋል። እርሱ የሚለየው ሰጪውን ከተቀባዩ ነው። ተቀባዩ «ቦሮው» ያደርጋል፤ ሰጪው «ሌንድ» ያደርጋል። እኛ በተዋሰና በአዋሰ መካከል ያለውን በፊደል ስንለይ፥ እነርሱ ጨርሶ በሌላ ቃል ይለዩታል። ስለዚህ «ቦሮው ሚ» የሚባል ነገር የለም፤ «ሌንድ ሚ» ነው።

አንተ፥ አንቺ፥ እናንተ፥ እርስዎ፥ ባላገርም በአክብሮት አንቱ የምንለው ሁሉ በእንግሊዝኛ «ዩ» ብቻ ነው። በሼክስፒር ዘመን ለአንድ ሰው የሚነገር «ዛው» ነበራቸው፤ ዛሬ ግን ከዕለት ንግግር ወጥቷል። በዚህ የተነሣ አክብሮታቸውን በሌላ መንገድ ያስገባሉ። እኛ «ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ በግሡ ውስጥ አለ፤ ተጨማሪ አያስፈልገውም። ይህንኑ በቀጥታ «ጊቭ ሚ» ብለን ብንመልሰው አክብሮቱ በመንገድ ላይ ይወድቃል፤ ተማሪው ትሑት ሆኖ ሳለ ባለጌ ይመስላል። ስለዚህ «ኩድ ዩ» እና «ፕሊስ» የሚሉት ትርፍ ቃላት አይደሉም፤ የእኛን አንቱታ የሚተኩ ናቸው።

«ሶሪ»ም እንደዚሁ ነው። እኛ ይቅርታ የምንለው ስናጠፋ ነው። እንግሊዛዊ ግን አባቱ የሞተበትን ሰው «አይ አም ሶሪ» ይለዋል፤ ይህ አዘንኩ ማለቱ ነው እንጂ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለቱ አይደለም። በሌላ ወገን «አይዞህ» የሚለውን ቃላችንን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመመለስ የሚሞክር ይሞክር። እንደየጊዜው አትፍራ፥ በርታ፥ ያልፋል፥ አለሁልህ ይሆናል፤ ሁሉንም የሚይዝ አንድ ቃል ግን የላቸውም።

፭. ጊዜን የሚመለከቱ ቃላት

የጊዜ ቃል የተሳሳተ ሰው ቀጠሮም፥ ፈተናም፥ መሣፈሪያም ያመልጠዋል።

«ጽሑፉን እስከ ዓርብ አስረክቡ» እንላለን። ይህንን ተማሪው «አንቲል ፍራይዴይ» ብሎ ይመልሰዋል። «አንቲል» ግን ሳያቋርጥ እስከዚያ ድረስ የሚቀጥል ነገርን ነው የሚያመለክተው። እስከ ዓርብ ቤተ መጻሕፍት እቀመጣለሁ ካልን «አንቲል» ነው። ከዓርብ ሳያልፍ አስረክባለሁ ካልን ግን «ባይ ፍራይዴይ» ነው። «ከሦስት ዓመት በፊት» የሚለውንም ቃል በቃል «ቢፎር ስሪ ይርስ» እንላለን፤ ከዛሬ ተነሥተን ወደ ኋላ ስንቆጥር ትክክለኛው «ስሪ ይርስ አጎ» ነው።

ሰዓታችን ከንጋት ይቆጥራል፤ የእነርሱ ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር። በእንግሊዝኛ 8 ሰዓት ጧት ተብሎ የተለጠፈ ፈተና በእኛ 2 ሰዓት ነው፤ በእኛ 8 ሰዓት የመጣ ተማሪ 6 ሰዓት ሙሉ ዘግይቷል። የቀን መለወጫውም ይለያያል። የአውሮፕላን ወረቀት ላይ «ቅዳሜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አነጋገር ዓርብ ሌሊት 7 ሰዓት፥ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣውን ይዞ የወጣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል።

አዎና አይደለምም እንኳ ይለያያሉ። «አልጨረስክም?» ስንባል ያልጨረስን እንደ ሆነ «አዎ፥ አልጨረስኩም» እንላለን፤ ጠያቂው ያለው እውነት ነው ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ ግን የጠያቂውን አነጋገር አይመለከትም፤ ነገሩ ካልተፈጸመ ሁልጊዜ «ኖ» ነው። ስለዚህ መምህሩ «ሃቭንት ዩ ፊኒሽድ?» ብሎ ሲጠይቅ «የስ» ያለ ተማሪ ጨርሻለሁ ማለቱ ይሆናል፤ ወረቀቱንም ሊነጠቅ ይችላል።

፮. ወደ አማርኛ ገብተው የተለወጡ ቃላት

የሩማንያው ተማሪ በሚመሳሰል ቃል እንደሚሰናከል ተናግሬአለሁ። እኛም ራሳችን ያበጀናቸው እንዲህ ያሉ ከዳተኞች አሉን። እነዚህ ከእንግሊዝኛ የወሰድናቸውና በአገራችን ሌላ ኑሮ የጀመሩ ቃላት ናቸው።

«ግሮሰሪ» ብንል በእኛ ከተማ ቢራ የሚጠጣበት ቤት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ስኳርና ዱቄት የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ለፈረንጅ መምህር «ትናንት ማታ ግሮሰሪ ነበርኩ» ብትሉት ቤተሰቡን የሚረዳ ጨዋ ልጅ ብሎ ያመሰግናችኋል። «ኮንትራት» በእኛ ዘንድ ታክሲን ለብቻ መያዝ ነው፤ በእንግሊዝኛ ውል ነው። «ክላስ አለ?» ብለን የምንጠይቀው ለአዳር የሚከራይ ክፍል ነው፤ ለእንግሊዙ የትምህርት ክፍል ወይም መደብ ነው። «ሲስተም የለም» ስንባል ባንክ ቤት ገንዘብ ሳናወጣ እንመለሳለን፤ በመጽሐፍ ላይ ግን «ሲስተም» ሥርዓት ማለት ነው፤ የነርቭ ሥርዓት፥ የመንግሥት ሥርዓት እንደምንለው።

ከሁሉ የሚያስቀው «ሃይላንድ» ነው። በዚህ ስም ይሸጥ በነበረ የታሸገ ውኃ የተነሣ፥ በአማርኛችን «ሃይላንድ» ማለት የውኃ ፕላስቲክ ሆኗል። በእንግሊዝኛ ግን ደጋ ማለት ነው። መንዝና ግሼ በትክክል «ሃይላንድ» ናቸው። የጂኦግራፊ መጽሐፍ «የኢትዮጵያ ሃይላንድ» ሲል ስለ ባዶ ጠርሙስ ሳይሆን ስለ ራሳችን አገር እየተናገረ ነው።

እነዚህን ቃላት አማርኛ መውሰዱ ጥፋት አይደለም፤ ቋንቋ ሁሉ ይዋሳል፤ የተዋሰውንም እንደ ወደደ ያደርገዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ዕቃው ወደ ባለቤቱ ሲመለስ እንደ ተወሰደ ያለ ሲመስለን ነው።

፯. እንግዲህ ምን እናድርግ?

መሰናክሎቹን ከቆጠርኩ መድኃኒቱን ሳልናገር መቀመጥ አይገባኝም።

አንደኛ፥ ቃልን ብቻውን አንያዝ። ደብተራችን ላይ «ቦሮው እኩል ይሆናል ተበደረ» ከመጻፍ፥ ቃሉ የሚገኝበትን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንጻፍ። ሰው በጎረቤቱ እንደሚታወቅ ቃልም ከግራና ከቀኙ በተቀመጡት ይታወቃል። ይህን መንገድ የቋንቋ ሊቃውንትም ተከትለውታል። ኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን በለንደን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1841 ነበር። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1973 አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን በአዲስ አበባ አወጡ። በዚያው ዓመት ቮልፍ ሌስላው ቃላቱን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያገባ የሚያሳይ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ቶማስ ኬን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰፊውን የአማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሁለት ጥራዝ አቀረበ። እነዚህን መጻሕፍት ስንከፍት የመጀመሪያውን ትርጉም ነጥቀን አንሩጥ፤ እስከ መጨረሻው እናንብብ።

ሁለተኛ፥ አማርኛችንን አንናቅ። ወይስንና ወይምን፥ ውሰትንና ብድርን በጥንቃቄ የሚለይ ሰው በእንግሊዝኛም ውስጥ ልዩነት ለመፈለግ ዓይኑ የተከፈተ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ያደረገው የእኛኑ ሰምና ወርቅ ነበር። በቅኔ አንድ ቃል ሰምም ወርቅም እንደሚይዝ እየሰማ ያደገ ልጅ፥ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ሲደርስ አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ መርካቱ ለምንድን ነው? ሰሙን አይቶ ወርቁን የመፈለግ ልማድ በቤታችን አለ፤ ወደ ክፍል ይዘነው መግባት ብቻ ነው የቀረን።

ሦስተኛ፥ ክቡራን መምህራኖቻችንን በትሕትና አንድ ነገር እለምናለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት አንዲት ሰዓት ለጥያቄ ቃላት ቢሰጡልን፤ እርስዎ «ዲስከስ» ሲሉ፥ «አካውንት ፎር» ሲሉ ከእኛ የሚፈልጉት ምን እንደ ሆነ በምሳሌ ቢያሳዩን። የኬሚስትሪው መምህር ይህ የእንግሊዝኛው መምህር ሥራ ነው፥ የእንግሊዝኛውም መምህር በየትምህርቱ ያለውን ቃል እኔ አላውቅም ካሉ፥ ተማሪው በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

አራተኛ፥ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ አለኝ። ከፈተና የምናገኛቸውን ሠላሳ ያህል ቃላት ከነምሳሌአቸው በአንድ ወረቀት ላይ አዘጋጅተን በማባዣው መኪና እናባዛ። ክረምት ሲሆን ሁላችንም ወደየአገራችን እንበተናለን፤ አንዱ ወደ ራቤል፥ አንዱ ወደ መሐል ሜዳ፥ አንዱ ወደ ሞላሌ፥ አንዱ ወደ ዓለም ከተማ፥ ሌላውም ወደየቀየው። እያንዳንዱ ጥቂት ቅጂ ይዞ ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት ቢሄድና ከታናናሾቹ ጋራ ለሦስት ቀን ቢቀመጥ፥ ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲ ዘግይተን የተማርነውን እነርሱ ገና በ11ኛ ክፍል ያገኙታል።

«ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ደግሞ በሰው ቋንቋ የሚፈረድብን ነን፤ ስለዚህ አያያዛችን እጥፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወረቀቱን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድትሰጡ እለምናለሁ።